በኮሌጅ 28 ነጥብ ያገባ ልጅ ለኤንቢኤ ይሆናል ወይ? በምን ይታወቃል?

የአሌክሳንድሪያው አጎት፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ለሁላችሁም። የአሜሪካን ቅርጫት ኳስ በቅርብ የምትከታተሉ ሰዎች እዚህ ስለማትጠፉ አንድ ጥያቄ አለኝ።

የእህቴ ልጅ 16 ዓመቱ ነው። እዚሁ ቨርጂንያ ለትምህርት ቤቱ ይጫወታል። በየዓመቱ መጋቢት ላይ የኮሌጆች ውድድር ሲጀመር ብዙ ነጥብ የሚያገባውን ልጅ ይመርጥና "ይሄ ቀጣዩ ስቴፍ ከሪ ነው" ይለኛል። እኔ ደግሞ ጂመር ፍሬዴትን አነሳበታለሁ። "ማነው እሱ?" ይላል። አይፈረድበትም፤ ያኔ ገና ሕፃን ነበር።

ለማታስታውሱት ላስታውሳችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። ከሪ በ2008-09 ለዴቪድሰን ሲጫወት በጨዋታ በአማካይ 28.6 ነጥብ አስቆጥሮ ከአገሪቱ ኮሌጆች ሁሉ አንደኛ ወጣ። ጂመር በ2010-11 ለብሪገም ያንግ 28.9 አስቆጠረ፤ እሱም አንደኛ። የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋችም ተባለ። ሁለቱም ቁመታቸው 1.88 ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱም ማንም ከማይወረውርበት ርቀት ወርውረው ያስገባሉ። በድራፍቱ (የኤንቢኤ፣ ማለትም የአሜሪካ ዋናው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት) ከሪ 7ኛ ሆኖ ለጎልደን ስቴት ተመረጠ፣ ጂመር 10ኛ። በቃ፣ ወረቀት ላይ ወንድማማቾች ናቸው።

ከዚያስ? ከሪ አራት ዋንጫ በላ፣ ሁለት ጊዜ የሊጉ ኮከብ ሆነ። ጂመር የመጀመሪያ ዓመቱ ላይ በአማካይ 7.6 ነጥብ አስቆጠረ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሻንጋይ ሄደ። እዚያ በአንድ ጨዋታ 73 ነጥብ ያገባ ሰው ነው! ኤንቢኤ ግን ቦታ አላገኘም።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ልዩነቱ ከመመረጣቸው በፊት ይታይ ነበር? ወይስ ካለፈ በኋላ ነው ሁላችንም አዋቂ የምንሆነው? ለልጁ "ነጥቡን ተወውና ይሄን ተመልከት" ብዬ የማሳየው ነገር እፈልጋለሁ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ አሰልጣኝ፦

ይታይ ነበር ወንድሜ። ሁሉም ነገር ባይሆን፣ ዋናው ነገር ይታይ ነበር።

እኔ እዚህ ሜሪላንድ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች አሰለጥናለሁ። ከመጣሁ ጀምሮ የጆርጅታውን ደጋፊ ነኝ። ስለዚህ ከሪን ያወቅኩት በክፉ ቀን ነው። መጋቢት 2008፣ የኮሌጆች ውድድር ሁለተኛው ዙር፣ እኛ ከዴቪድሰን ጋር። እኛ ያኔ ሮይ ሂበርትን የመሰለ ግዙፍ ሰው ይዘናል። በሁለተኛው አጋማሽ በ17 ነጥብ እየመራን ነበር። ከዚያ ያ ቀጭን ልጅ መጣ። 30 ነጥብ አገባ፤ 25ቱን ከእረፍት በኋላ። 74 ለ70 ተሸነፍን።

ከዚያ ጨዋታ ሰው የሚያስታውሰው የገቡትን ኳሶች ነው። እኔ ዓይኔ ላይ የቀረው ሩጫው ነው። አብዛኛውን ጊዜ እኮ ኳሱ እጁ ላይ አልነበረም! ኳሱን የሚይዘው ጄሰን ሪቻርድስ የሚባል ጓደኛው ነበር። በዚያ ዓመት ከአገሪቱ ብዙ አሲስት (ለሚያገባ ጓደኛ የሚቀበል ኳስ) የሰጠው እሱ ነው። ከሪ ከአንዱ ስክሪን (ጓደኛው ቆሞ ተከላካይን ከሚያግድበት) ወደ ሌላው ይሮጣል፣ ይመለሳል፣ ጥግ ይገባል፣ እንደገና ይወጣል። ልጆቻችን እሱን ሲያሳድዱ ትንፋሽ አጠራቸው። ኳሱ ሲደርሰው ሥራው አልቋል፤ መወርወር ብቻ ነው የቀረው።

ለልጁ ንገረው የምልህ ይሄን ነው። ኳሱ ከእጁ ሲወጣ ምን ይሠራል? የኮሌጅ ኮከብ ቡድኑ በሙሉ ለእሱ የተሠራ ነው። ኤንቢኤ ሲገባ ግን ኳሱን የሚይዘው ሌላ ሰው ነው፤ አንድ ቡድን ውስጥ ኳሱ የሚሰጠው አንድ ሰው ነው፣ ቢበዛ ሁለት። ስለዚህ ዛሬ በሚሠራው ሥራ ብቻ አትለካው። ነገ የሚሰጠውን ሥራ መሥራት ይችላል ወይ ብለህ ጠይቅ።

አንድ ጨዋታ ልጨምርልህ። ኅዳር 2008፣ ዴቪድሰን ከባልቲሞሩ ሎዮላ ጋር። የሎዮላ አሰልጣኝ ጨዋታውን ሙሉ ከሪ ላይ ሁለት ሰው መደበ። ኳሱ የትም ይሁን፣ ሁለት ሰው ከከሪ አይለይም። ከሪ ምን አደረገ? ጥግ ሄዶ ቆመ። ሁለቱ ሰዎች አብረውት ቆሙ። ጓደኞቹ አራት ለሦስት ተጫወቱ። ውጤቱ 78 ለ48፣ ዴቪድሰን አሸነፈ። የከሪ ነጥብ ዜሮ። ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የወረወረው። በዚያ ዓመት በነጥብ አገሪቱን የመራው ልጅ ነው እንግዲህ። ሌላ ኮከብ ቢሆን ይጋፋ ነበር፣ ያኮርፍ ነበር። ጎልደን ስቴት ውስጥ ሁለት ሰው ሲከብበው ኳሱን ለቆ ጓደኞቹን አራት ለሦስት ሲያጫውት ያየነው ሁሉ እዚያ ቀን ታይቷል። እኔ አንድ ተጫዋች ለመመዘን አንድ ጨዋታ ብቻ ምረጥ ብባል ዜሮ ያገባበትን ነው የምመርጠው።

ጂመርን እንይ። በመጀመሪያ ልጁ ሰነፍ አልነበረም፣ ተንኮልም የለበትም። በሚሠራው ሥራ ከሁሉም የበለጠ ነበር። ጥር 2011 ሳን ዲዬጎ ስቴት 20 ጨዋታ አሸንፎ አንድም ሳይሸነፍ መጣ። ጂመር 43 አስቆጠረበት። አገሩ በሙሉ ስለ እሱ ብቻ ነበር የሚያወራው። ግን በዚያ ምሽት ሜዳው ላይ ለኤንቢኤ ከሁሉም የሚበልጠው ሰው ከተሸነፈው ወገን ነበር፤ ካዋይ ሌናርድ። ያኔ ካዋይ ከሦስት ነጥብ ርቀት ሲወረውር ከመቶ 30 እንኳ አያስገባም። ግን ኳስ ከቅርጫቱ ሲመለስ እጁ ውስጥ ነው የሚገባው፤ በዚያ ዓመት በአማካይ ከ10 በላይ ሪባውንድ ነበረው። እጁ ሰፊ፣ ክንዱ ረጅም፣ ከትንሹም ከትልቁም ጋር መቆም ይችላል። ነጥብ ሳያገባም ለቡድን ይጠቅማል። መወርወሩን ሳን አንቶኒዮ ሄዶ ተማረ። ጂመር 10ኛ ተመረጠ፣ ካዋይ 15ኛ። ካዋይ ሁለት ጊዜ የፍጻሜው ኮከብ፣ ሁለት ጊዜ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ሆነ።

የጂመር የመጨረሻ የኮሌጅ ጨዋታ ከፍሎሪዳ ጋር ነበር። 32 ነጥብ አለው ይላል ወረቀቱ። ግን 29 ጊዜ ወርውሮ ያስገባው 11 ነው። ከሦስት ነጥብ 15 ወርውሮ 3። ፍሎሪዳ ጠንካራ ሰዎች ነበሩት፣ ሌሊቱን ሙሉ አካል ለአካል ይዘውት አመሹ። እሱ ደግሞ ሌላ መንገድ አልነበረውም፤ ኳሱ ሁሌ እጁ ላይ ነው፣ ቡድኑም የለመደው ያንን ነው።

"መወርወሩ ኤንቢኤ አልሠራም" የሚሉ አሉ። ውሸት ነው። እነሱ ኮሌጅ በነበሩበት መጨረሻ ጊዜ የኮሌጁ የሦስት ነጥብ መስመር 6.32 ሜትር ነበር፣ የኤንቢኤው 7.24 ነው። አንድ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የጎደለው ልዩነት ብዙ ወርዋሪ ያጠፋል። ጂመርን ግን አላጠፋውም። ኤንቢኤ ውስጥም ከመቶ 37 ገደማ አስገብቷል። ጥሩ ነው! እንዲያውም ከብዙዎች የተሻለ ነው።

ታዲያ ምን ጎዳው? ማንን ይጠብቃል የሚለው ጥያቄ። ኮሌጅ ውስጥ ደካማ ተከላካይ መደበቂያ አለው። ዞን ይጫወታሉ (ሰው ሳይሆን ክልል ይጠብቃሉ)፣ ትልቁ ሰው ቅርጫቱ ሥር እንደ ዋርካ ተተክሎ ይቆማል። ኤንቢኤ ውስጥ ግን ተከላካይ የሚጠብቀው ሰው አጠገቡ ሳይኖር ቅርጫቱ ሥር ባለው የቀለሙ ክልል ውስጥ ከሦስት ሰከንድ በላይ መቆም አይችልም። ስለዚህ ሜዳው ክፍት ነው። ተጋጣሚ ደግሞ ርኅራኄ የለውም። ደካማው የትኛው እንደሆነ ያያል፣ ስክሪን እየሠራ ደጋግሞ እሱን ኳስ ካለው ሰው ፊት ያመጣዋል። በአንድ በኩል 7 ነጥብ አግብተህ በሌላ በኩል 12 ከገባብህ አሰልጣኙ ያስቀምጥሃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያየው ቁጥር አለ፤ የተነጠቀ ኳስ። ከሪ በመጨረሻ ዓመቱ በጨዋታ በአማካይ 2.5 ኳስ ይነጥቅ ነበር። ጂመር 1.3። ከሪም ቢሆን ቀጭን ነው፣ ዲፌንሱ ላይ ሰው ይጠራጠረው ነበር። ግን ያ ቁጥር እጁ ፈጣን እንደሆነ፣ ኳስ ከመወርወሩ በፊት የት እንደሚሄድ እንደሚያነብ ይነግርሃል። እኔ የአንድን ልጅ ቁጥር ስከፍት ከነጥቡ በፊት ወደዚያ ነው የምሄደው።

ዕድሜንም አትርሳ። ከሪ ኮሌጅ የገባ ዓመት፣ ገና በ19 ዓመቱ፣ 21.5 ያገባ ነበር። ጂመር በመጀመሪያ ዓመቱ 7 ነበር። 28.9 የደረሰው አራተኛ ዓመቱ ላይ፣ በ22 ዓመቱ ነው። የ22 ዓመት ሰው ከ18 ዓመት ልጆች ጋር ሲጫወት ሰውነቱ ይበልጣቸዋል፣ ልምዱም ይበልጣል። ማደጉ ራሱ የሚደነቅ ነው፤ ላቡ ነው። ግን አንተ የምትጠይቀው ከዚህ በኋላ ምን ያህል ያድጋል ነው። ያ ሌላ ጥያቄ ነው።

የሲያትሏ፦

ጋሼ አሰልጣኝ፣ ያሉትን በደስታ አነበብኩት። ግን ዕድልን በጣም አሳነሱት።

ከሪን ማን አሳለፈው? ሚኒሶታ 5ኛና 6ኛ ምርጫ ነበራቸው። ሁለቱንም ፖይንት ጋርድ (ኳስ ይዞ ጨዋታውን የሚመራ ተጫዋች) መረጡበት፣ ሪኪ ሩቢዮንና ጆኒ ፍሊንን። ከዚያ ከሪ ጎልደን ስቴት ገባ። ቁርጭምጭሚቱ ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ በ2011-12 የተጫወተው 26 ጨዋታ ብቻ ነው። በዚያ ምክንያት በ2012 ለአራት ዓመት 44 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ፣ ለእሱ ደረጃ ርካሽ ነው። ቡድኑ ታገሰው። የነበራቸውን ትልቅ ጋርድ ሞንታ ኤሊስን ሸጠው ኳሱን ለከሪ ሰጡት። በ2014 ደግሞ ስቲቭ ከር መጣና ሩጫውን የሚጠቀም ጨዋታ ሠራለት።

ጂመርስ? የተመረጠበት ክረምት ሊጉ ሥራ አቁሞ ነበር። የክረምት ጨዋታ የለም፣ ልምምዱ አጭር፣ ውድድሩ ወደ 66 ጨዋታ ተቆርጦ ተጀመረ። ለአዲስ ልጅ ከዚያ የከፋ አጀማመር የለም። ቡድኑ ሳክራሜንቶ ገና ውድድሩ ሳይጋመስ አሰልጣኝ ቀየሩ፣ በ2013 እንደገና ቀየሩ። ቡድኑ ራሱ እዚህ ሲያትል ሊመጣ ነበር እኮ! እኛ እዚህ የከተማችንን የኤንቢኤ ቡድን ሶኒክስን ካጣን ወዲህ ጾም ላይ ስለሆንን በየቀኑ ዜናውን እንከታተል ነበር። በግንቦት 2013 የሊጉ ባለቤቶች 22 ለ8 ድምፅ ሰጥተው አስቀሩት። የት ከተማ እንደሚያድር የማያውቅ ቡድን ውስጥ የትኛው ልጅ ያድጋል?

ይሁንና በዋናው ሐሳብዎ እስማማለሁ። ምስክር ልጨምርልዎ፣ ከእኛው ግዛት። በ2005-06 የጎንዛጋው አዳም ሞሪሰን በአማካይ 28.1 ነጥብ አገባ። የዱኩ ጄጄ ሬዲክ 26.8። አገሩ ዓመቱን ሙሉ "ማን ይበልጣል?" ሲል ከረመ። እኛ እዚህ ለሞሪሰን ነበርን። ድራፍቱ ላይም ሞሪሰን 3ኛ ሆኖ ሻርሎት ገባ፣ ሬዲክ 11ኛ ሆኖ ኦርላንዶ። ሞሪሰን ኳሱን ይዞ፣ ተከላካዩን ተደግፎ፣ አስቸጋሪ ኳስ መወርወር ነበር ችሎታው። ኤንቢኤ ለአዲስ ልጅ ያንን አይሰጥም። ሁለተኛ ዓመቱ ሳይጀምር ደግሞ ጉልበቱ ተቀደደ፤ ያው ዕድል። ሬዲክ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ብዙውን ጊዜ ተቀምጦ አሳለፈ። ግን ኮሌጅ ሳለም ከስክሪን ስክሪን የሚሮጥ ልጅ ነበር። ዲፌንሱን እየሠራ አሻሻለ። 15 ዓመት ተጫወተ። ዛሬ የሌከርስ አሰልጣኝ ነው።

ፌርፋክስ 2006፦

ስለ ኮሌጅና ኤንቢኤ ሲወራ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ሳይነሳ አያልፍም፤ ሰፈራችን ነው። በ2006 ኮኔክቲከትን 86 ለ84 ያሸነፍን ቀን ፌርፋክስ ውስጥ መኪና የማይነፋ አልነበረም። ያ የኮኔክቲከት ቡድን በዚያው ዓመት አምስት ሰው ወደ ኤንቢኤ አስመረጠ፤ አራቱ በመጀመሪያው ዙር። ከእኛ ቡድን አንድም ሰው ኤንቢኤ አልተጫወተም። አንድም! በዚያ ቀን ግን የተሻልነው እኛ ነበርን።

ስለዚህ ለእህትህ ልጅ ይህንንም ጨምርለት፦ ኮሌጅ ላይ ማሸነፍና ለኤንቢኤ መሆን ሁለት የተለያየ ነገር ነው። አሰልጣኙ ስለ ክንድ ርዝመት የጠቀሱት ትክክል ነው። ከእኛ ልጆች ቅርጫቱ ሥር የሚጫወቱት ለቦታቸው አጭር ነበሩ። በልብና በእግር ሸፈኑት፣ ለአርባ ደቂቃ። ለኤንቢኤ 82 ጨዋታ ግን አይሸፈንም።

የአሌክሳንድሪያው አጎት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እህቴ ከሲያትል፣ የሊጉ ሥራ ማቆም ጭራሽ ትዝ አላለኝም ነበር፤ አመሰግናለሁ።

ይህን ውይይት ለልጁ አነበብኩለት። ስለ ሎዮላው ጨዋታ ሲሰማ ዝም አለ። ከዚያ ሁለት ነገር ጠየቀኝ፣ ሁለቱንም መመለስ አልቻልኩም። አንደኛ፦ "ጂመር ዲፌንስ ስለሌለው ከሆነ፣ አይዛያ ቶማስ 1.75 ሜትር ሆኖ እንዴት ቻለ?" ሁለተኛ፦ "ዛዮን ዊልያምሰንስ? ኳስ ሳይዝም ሁሉን ይሠራ ነበር፣ ታዲያ ለምን እንደተባለው አልሆነም?"

የሲልቨር ስፕሪንጉ አሰልጣኝ፦

ልጁ ጎበዝ ነው። እህቴ ከሲያትል ያልሽውም እውነት ነው፤ የገባበት ቤት ልጅን ያሳድጋል ወይ ይገድላል።

አይዛያ ቶማስን ማንሳቱ ደስ ብሎኛል። ከጂመር ጋር በአንድ ዓመት ነው የተመረጠው፣ በዚያው ሳክራሜንቶ፣ 60ኛ፤ የመጨረሻው ሰው። ያ የተናወጠ ቤት ለሁለቱም አንድ ነው። አሰልጣኞቹ ግን ቀስ በቀስ ኳሱን ለአጭሩ ሰጡ። ለምን? ቶማስ ሰውን አልፎ ቅርጫቱ ድረስ ይገባል። እዚያ ሲደርስ ወይ ያገባል፣ ወይ ይመታና ፍሪ ስሮው (ነፃ ውርወራ) ይወረውራል። ዲፌንሱ እሱም ላይ ችግር ነበር፣ እስከ መጨረሻው። ግን በማጥቃት የሚያመጣው ያንን የሚያካክስ ነበር። በ2016-17 ቦስተን ሆኖ በአማካይ ስንት እንዳገባ ታውቃለህ? 28.9። ጂመር በኮሌጅ ያገባውን ያንኑ ቁጥር፣ ኤንቢኤ ውስጥ። እና ዲፌንስ የሌለው አይችልም አላልኩም። ዲፌንስ የሌለው ሰው ሌላው ሥራው እጅግ ትልቅ መሆን አለበት፣ ከሩቅ መወርወር ብቻውን አይበቃም ማለቴ ነው።

ዛዮን ላይ ግን እሟገታለሁ። ስለ ዛዮን ጨዋታ የተፈረደው ትክክል ነበር። ዱክ ሳለ 22.6 ነጥብ ነበረው፤ ከወረወረው መቶ 68ቱ ይገባ ነበር። ኤንቢኤ በሁለተኛ ዓመቱ በአማካይ 27 አገባ፣ ከመቶ 61 እያስገባ። ሜዳ ላይ ሲቆም እንደተባለው ነው። የጠፋው ሜዳ ላይ መቆሙ ነው። በመጀመሪያ ዓመቱ 24 ጨዋታ ተጫወተ፣ በሦስተኛው አንድም አልተጫወተም፣ በአራተኛው 29። ይሄን በዓይን አይቶ የሚናገር አሰልጣኝ የለም። ግሬግ ኦደንን አስታውስ። በ2007 ፖርትላንድ ከኬቪን ዱራንት በፊት መረጠው። ጉልበቱ እሺ አላለውም፣ በጠቅላላው 105 ጨዋታ ብቻ ነው የተጫወተው። ዱራንት ደግሞ በዚያ ዓመት ከድራፍቱ በፊት በተደረገው ፈተና 84 ኪሎ ብረት አንድ ጊዜ እንኳ መግፋት አቃተው ተብሎ ሲወራበት ነበር። ቁመቱንና መወርወሩን ያየ ሰው ግን ስለ ብረቱ አልተጨነቀም።

ስለዚህ ለልጁ ጨዋታ ስታሳየው እንዲህ አድርግ። ኮከቡን ምረጡና ለአሥር ደቂቃ ኳሱን ሳይሆን እሱን ብቻ ተከተሉ። ጓደኛው ሲያስገባ የት ቆሟል? ኳስ ሲያጡ ለመመለስ ስንት እርምጃ ይሮጣል? ስክሪን ሲመጣበት አፉን ከፍቶ ይነጋገራል ወይስ ዝም ይላል? የተጋጣሚውን ምርጥ ሰው አሰልጣኙ ለማን ነው የሰጠው? የመጨረሻዋን በደንብ አስተውሉ። አሰልጣኝ ለጋዜጠኛ የማይነግረውን እዚያ ላይ ያሳይሃል።

አንድ ነገር ልጠይቅህ እኔም። የእህትህ ልጅ ራሱ ትምህርት ቤቱ ሲጫወት ማንን ነው የሚጠብቀው?

የአሌክሳንድሪያው አጎት፦

ጠየቅኩት። የሌላውን ቡድን ደካማ ልጅ ነው የሚሰጡት። "ጉልበትህን ለማጥቃት አስቀምጥ" ይሉታል። ማክሰኞ ልምምድ ላይ ትልቁን ጋርድ እንዲሰጡት ሊጠይቅ ነው።